በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ያረፈው ልዑል

በ1860 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል የዋለው ሚያዝያ 5 ቀን ነበር። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ብዙ ወገን አልቆ ስለ ነበር፣ በዓሉ ለመቅደላ የኀዘን በዓል ሆነ። በማግሥቱም ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ራሳቸውን ሰዉ። በዚህ የበዓል ገጽ የምናነሣው ግን ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ልጃቸውን፣ ልዑል ዓለማየሁን ነው።

እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ ከተመላሹ የእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ብላቴናው በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አባትም እናትም አጣ።

ጠባቂው አማርኛ የሚያውቀው እንግሊዛዊ መኮንን ሻምበል ስፒዲ ሆነ። ልጁ ከእርሱ ተለይቶ መተኛት እንኳ እምቢ ይል ነበር ይባላል። በዋይት ደሴት በሚገኘው የኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ለንግሥት ቪክቶሪያ ቀረበ፤ ንግሥቲቱም ወደዱት። ከስፒዲ ጋር እስከ ሕንድ ሄዶ ተቀመጠ። በኋላ ግን ባለሥልጣኖቹ በእንግሊዝ አገር ይማር ብለው ከስፒዲ ለዩት። እንደ እኛ ግምት ይህ ሁለተኛው የሙት ልጅነቱ ነበር። ቼልተናም፣ ራግቢ፣ በመጨረሻም የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ልቡ ግን አላረፈም። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሲያርፍ ዕድሜው 18 ዓመት ብቻ ነበር።

ንግሥቲቱ እጅግ አዝነው በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንዲቀበር አደረጉ፤ የናስ መታሰቢያም አኖሩለት። ዊንዘር የቴምዝን ወንዝ ከምንጩ እስከ ለንደን ተከትሎ በሚሄደው፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የእግረኞች መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገደኛው ከወንዙ ዳር ቀና ቢል የቤተ መንግሥቱን ግንብ ያያል፤ ከዚያ ግንብ ውስጥ የቋራው ካሣ ልጅ እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

በናሱ ላይ የተቀረጸው ቃል ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን ስለ መቀበል ከተናገረው የተወሰደ ነው። ንግሥቲቱ ቃሉን ከልብ እንዳስቀረጹት አንጠራጠርም። ዳሩ ግን ዓለማየሁ ደጅ አንኳኩቶ የገባ እንግዳ አልነበረም፤ አገሩን በወረረ ጦር የተወሰደ ሕፃን ነበር። እንግዳ ያደረጉትም የተቀበሉትም እነዚያው ናቸው።

በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ ለአገሩ እንዲበቃ ጠየቁ። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በአካባቢው ያረፉትን ሌሎች ሳይነኩ አጽሙን ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከልዑሉ ራስ የተቆረጠ ጥቂት ጠጉር በለንደን ለኢትዮጵያ ተሰጠ።