ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ሥራ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት እያንዳንዱ ክበብ አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በተወሰነ ጊዜ፥ የስፖርት ክበብ አባሎች የሆንን ተማሪዎች ስለ አንድ ታላቅ ስፖርተኛ እንድንጽፍ ታዘዝን። ስለ ማን እንጻፍ የሚለው ክርክር ሁለት ቀን ፈጀብን። ገሚሶቻችን ስለ ውጭ አገር ተጫዋቾች ካልሆነ አንጽፍም አልን። በመጨረሻ አንድ መምህራችን በዚህችው በጅማ የተወለዱትን ሰው መርሳታችን እንዳሳዘናቸው ቢነግሩን ጊዜ፥ አፍረን ክርክሩን ተውነው።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። በዕንቍጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው አገር ያወቃቸው፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ድረስ ተሻግረው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። የልጃቸው ስም የተጠራው ግን በሌላ ጨዋታ ነው። ይድነቃቸው አዲስ አበባ ገብተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ከደብተሩ ጋር ኳሱንም ያዙ።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን አቋቋሙ። ወሩ የጦርነት ወር ነበረ። ጠላት በሰሜን በኩል ድንበር ጥሶ ገብቷል፥ አዋቂው ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ ዘምቷል። በዚህ ጊዜ ልጆች ተሰብስበው የኳስ ቡድን ማቋቋማቸው ለአንዳንድ ሰው ቀልድ መስሎ ይታየው ይሆናል። እኛ ግን እንደ ቀልድ አላየነውም። የዐሥራ አራት ዓመቱ ይድነቃቸውም ከዚሁ ቡድን ጋር ገና ከጥንስሱ ተቀላቀሉ።

ጠላት አዲስ አበባን በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ኳስ ጨዋታውን ጭራሽ አልከለከለም፤ ከመከልከል የባሰ ነገር አደረገ። ጥቍሩ ከነጩ ጋር እንዳይጫወት ለይቶ፥ ለአገሬው ሰው ብቻ የሚሆን የተለየ ውድድር አወጣ። የቡድኑም ስም ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊው የዐድዋን ቀን የሚያስታውስ ስለ ሆነ፥ ስሙን መንጠቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ ይህ ልጅ ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ የተጫወተው በቀለሙ ተለይቶ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ካርቱም ላይ እንፈልገዋለን።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የቡድኑም ስም ተመለሰ። ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመኖቹ አራራት፥ ከግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፥ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና ከእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ጋር በአንድ ሜዳ ይጋጠም ጀመር። ትናንት ከነጭ ጋር አትጫወቱም የተባሉት ልጆች ዛሬ ኳሱን ከነጩ እግር ሥር ሲነጥቁ ለማየት ሕዝቡ ሜዳውን ያጥለቀልቀው ነበር ይባላል። አቶ ይድነቃቸው ለዚሁ ለአንድ ቡድን ሃያ ሦስት ዓመት ተጫውተው በ1950 ዓ.ም. አቆሙ። በእነዚህ ዓመቶች በ365 ግጥሚያዎች 318 ጎሎች እንዳገቡ ይነገርላቸዋል፤ ለብሔራዊው ቡድንም ተሰልፈዋል። ዛሬ በየዓመቱ ቡድን የሚለዋውጡ ተጫዋቾችን ለምናይ ለእኛ፥ ከጎሎቹ ይልቅ የሚያስደንቀን ሃያ ሦስቱ ዓመት ነው።

በከተማችን እንደምናየው ኳስ ያቆመ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ሱቅ ይከፍታል፥ ወይም ሻይ ቤት ያቋቁማል፥ ወይም የመኪና ንግድ ይይዛል። በዚህ ነውር የለበትም። አቶ ይድነቃቸው ግን የነጋድራስ ልጅ ሆነው ሳለ ስማቸው የቆመው በንግድ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ገና ጫማቸውን ሳይሰቅሉ በአገራችን የስፖርት ጽሕፈት ቤት፥ በእግር ኳስ ፌዴሬሽንና በኦሊምፒክ ኮሚቴ ይሠሩ ነበር። ጠዋት ወረቀት፥ ከሰዓት በኋላ ኳስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ካርቱም እንሂድ። በሰኔ 1948 ዓ.ም. በሊዝበን በተደረገው የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ጉባኤ ላይ የጥቂት አፍሪካ አገሮች መልእክተኞች ተገናኝተው፥ አህጉራችን የራሷ ማኅበር እንዲኖራት ተማከሩ። ምክሩም የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ በግራንድ ሆቴል ተፈጸመና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብጽ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ለኢትዮጵያ ከቆሙት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ በአራቱ መካከል በዚያው እንዲደረግ ተቈረጠ።

በዚህ ጊዜ የደቡብ አፍሪካው መልእክተኛ አገሩ ቡድን የምታሰልፈው ወይ ነጮችን ብቻ፥ ወይ ጥቍሮችን ብቻ እንጂ ሁለቱን ቀላቅላ እንዳልሆነ አስታወቀ። ሌሎቹ ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ለእኛ የሚመስለን፥ በዚያ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ሁሉ ነገሩን በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እግራቸው ከሚያውቁት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር እየተባለ የተጫወተ ሰው ለጥቍር ብቻ የሚሆን ቡድን ምን እንደ ሆነ ሌላ ሊያስተምረው አይችልም።

እውነቱን ለመናገር ያ ውሳኔ ለኢትዮጵያ ቡድን ጥቅም ሰጥቷል። የመጀመሪያ ተጋጣሚያችን ደቡብ አፍሪካ ስለ ነበረች፥ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳንጫወት ለፍጻሜ ደረስን። በፍጻሜውም ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎሎች ያገባው ኤድ ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነበር። ሽንፈት ነውና አልደበቅነውም።

ብድሩ የተመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የቡድናችን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን፥ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከግብጽ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘን። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለተኛው ቀን ነበረ። ቴሌቪዥን በአገራችን ስላልነበረ፥ ስታዲዮም ያልገባው ሕዝብ ሁሉ የሰሎሞን ተሰማን ድምፅ በሬዲዮ ይከታተል ነበር። ትልልቅ ሰዎች ስለዚያ ቀን ስንጠይቃቸው ጎሎቹን በጣታቸው እየቈጠሩ ይነግሩናል፤ ማን እንዳገባ አንዳንዴ ይከራከራሉ እንጂ ሬዲዮኑ የት ተቀምጦ እንደ ነበረ አይረሱም።

የጎሎቹ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብጽ አገባ። ሰዓቱ እየገፋ ሄዶ ሕዝቡ ተስፋ ሊቈርጥ ሲቃረብ ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ደስታው ግን አንዲት ደቂቃ ብቻ ቈየ፤ ባዳዊ ደግሞ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን ጎል አስገብቶ ጭማሪ ሰዓት አስገኘ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡና 4 ለ 2 ሆነ። ሉቻኖም ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይህን ስንጽፍ አገራችን ዋንጫውን ያገኘችው ያን አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ እየቆጨን ነው።

ከዚህ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ግጥሚያ በሜዳ ላይ መሆኑ ቀረ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ የተቈረጠ ቦታ ከልክሎ፥ የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር ደግሞ ተጋጥሞ ካሸነፈ ብቻ እንዲገባ ወሰነ። አቶ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ተቃወሙ። የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ጐልምሰው የነበሩ ተጫዋቾች ዕድሜያቸው አለፈ፥ የዓለም ዋንጫንም ሳያዩ ቀሩ። ነገር ግን በ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተለይቶ ተሰጠ፤ ሞሮኮም ሄደች። የደቡብ አፍሪካ ነገርም እንዲሁ ተጐተተ፤ በ1957 ዓ.ም. ከዓለም ማኅበር ታገደች፥ በ1968 ዓ.ም. ጨርሳ ተባረረች።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ሆኑ።

በአንድ ነገር ግን ከክበባችን አባሎች ብዙዎቹ አልተስማሙባቸውም። የአፍሪካ ልጆች በገንዘብ እየተሳቡ ወደ አውሮፓ መሄዳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ከ1958 እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ አንድ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከአህጉሩ ውጭ ከሚጫወቱት ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ ሕግ ነበረ። ግማሾቻችን ሰው ላቡን በተሻለ ዋጋ ቢሸጥ ምን ክፋት አለው ስንል፥ ግማሾቻችን ደግሞ ሜዳዎቻችን ባዶ የቀሩት በዚሁ ምክንያት ነው አልን። ክርክሩ ይህ ጽሑፍ ለማተሚያ እስከ ሄደ ድረስ አላለቀም።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ታመው፥ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ስልሳ ስድስተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ሳምንት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ዕለቱ ቡሄ ነበረ።