ከመቅደላ እስከ እንጦጦ ግርጌ
የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

ሰው ታላቅ የሚባለው ለራሱ ባካበተው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ያገኘውን ዕውቀት ለወገኑ ባካፈለው መጠን ነው። ይህን አሳብ ሁላችንም በድርሰት ደብተራችን ላይ ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል። ነገር ግን አሳቡን በሥራ ገልጦ ያሳየን ሰው ማን ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ መልሱ ከአፋችን ቶሎ አይወጣም።

በየካና በእንጦጦ ግርጌ የምንኖር ተማሪዎች ዘወትር ስንመላለስ በአጠገባቸው የምናልፍ ሁለት ግቢዎች አሉ። አንደኛው በየካ የሚገኘው ዛፍ የለበሰው ሰፊው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ነው። ሁለተኛው በስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የቀድሞው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ነው። እነዚህን ሁለት ግቢዎች በሕይወቱ ያገናኘ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር። ስሙም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላል። በአንደኛው ግቢ በሐኪምነት አገለገሉ፤ በሁለተኛው ግቢ ደግሞ ሳይንስን ለኢትዮጵያ ልጆች የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው የበላይ ተመልካች ሆኑ። በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ልዩ ክፍል ስለ መክፈት ብዙ ስለ ተነጋገርን፣ የእኝህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቼ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ወርቅነህ በ1858 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በጎንደር ተወለደ። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። የተወለደበት ዘመን የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ፍጻሜው የተቃረበበት ነበር። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ሕፃኑ ወርቅነህ ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በዚያ ሁከት ውስጥ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ቀረ። ጦሩ ከመቅደላ ዘውድና ጽላት፣ መጽሐፍና የወርቅ ዕቃ ጭኖ ሲወርድ፣ ከወረደው መካከል ይህ ሕፃንም ነበር። ቻምበርሌን የሚባል ኮሎኔል ይዞት ወደ ሕንድ አገር ሄደ።

ኮሎኔሉ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከእርሱ በኋላ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የሕፃኑን የትምህርት ወጪ ቻለ። በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ስም ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች አደገ፤ አማርኛውንም ፈጽሞ ረሳ። የእናቱን ቋንቋ ቢረሳም ከሩቅ አገር የመጣ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ግን አልረሳም። ከዚያ በኋላ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ፤ ትምህርቱንም ጨርሶ ወጣ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብሎ የሚታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ስለ ሙሉ ሰውና ስለ ሐኪም ስለ ሆነ አንቱ እንላቸዋለን። ሐኪም ወርቅነህ በሕንድ ጥቂት ካገለገሉ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከዚያም በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት ተሾሙ። ደመወዛቸው መልካም፣ ኑሯቸውም የተደላደለ ነበር። በዚያ ሳሉ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ዜና በዓለም ሁሉ ተሰማ። የአፍሪካ ሕዝብ የአውሮፓን ጦር ድል መንሣቱ ብዙዎችን አስደነቀ፤ ሐኪም ወርቅነህን ግን ወደ አገራቸው ጠራቸው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በራሳቸው ወጪ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ነው። ስሙ የፈረንጅ፣ ልብሱ የፈረንጅ፣ ቋንቋውም የፈረንጅ ነው። ኢትዮጵያዊ ነኝ ቢል በምን ያስረዳል? ሐኪም ወርቅነህ በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው በአስተርጓሚ እየተነጋገሩ ሕመምተኞችን ማከም ጀመሩ። ዝናቸው በተሰማ ጊዜ ከመቅደላ የጠፋ የልጅ ልጅ የነበራቸው አያታቸው ወሬውን ሰምተው መጡ። በሰውነታቸውም ላይ ከሕፃንነት ጀምሮ የነበረውን ጠባሳ አይተው የጠፋው ልጅ እርሳቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። በዚያን ጊዜ ቻርልስ ማርቲን እንደ ገና ወርቅነህ እሸቴ ሆኑ፤ የተረሳውንም አማርኛ እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምረው ተማሩ።

የበርማው ሥራቸው ገና ስላልተፈጸመ ለጊዜው ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ግን የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሌጋሲዮኑም ያው ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ያለው ኤምባሲ ነው። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ትዳር መሠረቱ። በኋላም ከእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በጡረታ ተሰናብተው በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጓዛቸውን ጠቅልለው ለዘለቄታው አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ዕረፍት ይሻል፤ የሐኪም ወርቅነህ ትልቁ ሥራ ግን የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

የዚያን ዘመን አዲስ አበባ እናስታውስ። ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. ከተማይቱ ደርሷል። ማተሚያ ቤት ተቋቁሟል፤ ሆስፒታልም ተሠርቷል። ነገር ግን ባቡሩን የሚጠግነው፣ ድልድዩን የሚያቅደውና በሽተኛውን የሚያክመው አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አገር ሰው ነበር። አገሪቱ የሥልጣኔን ዕቃ ታስመጣ ነበር እንጂ ዕቃውን የሚሠራውን ዕውቀት ገና አልያዘችም። በዳግማዊ ምኒልክ ስም ቀደም ብሎ የተከፈተው ትምህርት ቤትም ትልቁን ድካም ያደረገው በቋንቋ ትምህርት ላይ ነበር። ከሕዝቡም ብዙው ዘመናዊ ትምህርት ሃይማኖትን ያስለውጣል በማለት ልጁን ወደ ተማሪ ቤት ለመላክ ይፈራ ነበር።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩት ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሲከፈት፣ የበላይ ተመልካች ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። በዚህ ትምህርት ቤት ከአማርኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከእንግሊዝኛ ጋር ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ይሰጥ ነበር፤ የሰውነት ማጎልመሻም አልቀረም። ይህ ዛሬ ለእኛ የተለመደ የትምህርት ዝርዝር ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን የኢትዮጵያ ልጅ በገዛ ከተማው ተቀምጦ ውሃ ከምን እንደ ተሠራ፣ ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ ለመማር መቻሉ አዲስ ነገር ነበር። ወርቅነህ ይህን ዕውቀት ለማግኘት ከአገርና ከወላጅ መለየት ዕጣቸው ሆኖ ነበር። አሁን ግን ልጆች ከእናታቸው ቤት ሳይጠፉ እንዲማሩት በር ከፈቱላቸው። እኔ ከታሪካቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

አንድ ጉድለት ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ያ ትምህርት ቤት የተከፈተው ለወንዶች ብቻ ነበር። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ስድስት ዓመት መጠበቅ አስፈለገ። እኔም ሴት ተማሪ በመሆኔ፣ የሳይንስ ክፍል ይከፈት ሲባል ስሰማ በመጀመሪያ የምጠይቀው በሩ ለማን እንደሚከፈት ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አልተወሰኑም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ ባሪያን ስለ ማውጣት አዋጅ ታውጆ ነበር። ሐኪሙም ከባርነት ለወጡ ልጆች ትምህርትና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ቤት አቋቋሙ። ነጻ የወጣ ሰው የሚኖርበት ሙያ ከሌለው ተመልሶ የሌላ ሰው ጥገኛ እንደሚሆን የተረዱ ይመስለኛል። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በአማርኛ የተዘጋጀ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ። አማርኛን በጎልማሳነታቸው የተማሩ ሰው የዓለምን ሁኔታ በአማርኛ ለተማሪዎች መጻፋቸው ያስደንቃል።

በዚያው ዓመት ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ እንዲነጋገሩ ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የመሐንዲሶች ኩባንያም ጋር ተነጋገሩ። የታሰበው ግድብ በዚያን ጊዜ አልተሠራም። ሆኖም ኢትዮጵያ ስለ ገዛ ውሃዋ ራሷ ከባለሙያ ጋር ለመዋዋል መነሣቷ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ አዛዥ ተብለው የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ፤ በአሰበ ተፈሪም ተቀምጠው መንገድ በማሠራትና አስተዳደሩን በማሻሻል ደከሙ።

የኢጣሊያ ወረራ በ1928 ዓ.ም. ሲጀመር ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። የአገራቸውን በደል ለእንግሊዝ ሕዝብ ለማስረዳትና እርዳታ ለማሰባሰብ በሽምግልና ዕድሜያቸው ደከሙ። መንግሥታት ግን አልሰሟቸውም። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት ተምረው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆነው ከተዋጉ በኋላ በጠላት እጅ ገቡ። በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ እልቂት ወረደ፤ ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ ተፈልገው ተገደሉ። ዮሴፍና ብንያምም በዚያ ሰሞን ተገደሉ።

አባትየው ኢትዮጵያ ሐኪምና መሐንዲስ ከራሷ ልጆች እንድታገኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመው ነበር። ከተገኙት ጥቂት መሐንዲሶች መካከል ሁለቱ የገዛ ልጆቻቸው ነበሩ፤ ጠላትም አገሪቱ እንዳትነሣ የተማረውን ወጣት አስቀድሞ መታ። ትምህርት ቤት የሰላም ቤት ነው ብለን እናስባለን። የአገርን ነጻነት የሚያጠፋ ሁሉ ግን በእንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ምን ኃይል እንዳለ ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

ሐኪም ወርቅነህ በስደት ወደ አደጉበት ወደ ሕንድ ሄዱ። ጠላት ድል ከሆነ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በወረራው ዘመን ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤትም እንደ ገና ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር በኃላፊነት የተሾሙት ቀደም ሲል የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ሰው ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌው ሐኪም የዘሩት ዘር ዛፍ ሲሆን በዓይናቸው ለማየት በቁ። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. 87 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ትምህርት ቤቱ በደርግ ዘመን እንጦጦ ተብሎ ተጠራ፤ በኋላም የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ተሰጠበት። ስሙ ቢለወጥም ሥራው የመሥራቾቹን አሳብ አልለቀቀም።

ውድ አንባቢዎች፤ እኛ የሳይንስ ክፍል ይከፈትልን ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንቈጥረው የጎደለንን ነው። በክፍላችን በአንድ ማይክሮስኮፕ ለማየት ስድሳ ተማሪዎች ስንሰለፍ፣ ተራዬ ሳይደርስ ደወል የተደወለበትን ቀን አስታውሳለሁ። ዕቃ ያስፈልገናል፤ መምህርም ያስፈልገናል፤ ወላጆቻችንም እንዲረዱን እንለምናለን። ነገር ግን የሐኪም ወርቅነህ ታሪክ የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለ። ትምህርት ቤት የሚጀመረው የተማረ ሰው ወደ ወገኑ ለመመለስ በቈረጠ ቀን ነው። ከእኛም መካከል ነገ ሐኪምና መሐንዲስ የሚሆኑ ይኖራሉ። ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱም አይጠፉም። የእኝህ ሰው ታሪክ የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወስደውን መንገድ እንዳይረሱት። የሚመለስ ካለ፣ ያን ቀን ተራው ያልደረሰ አንድ ተማሪ በማይክሮስኮፑ ያያል።