በበሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ

በዛሬው ዓምዳችን የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ታዲያ ለእኛ ለዕጩ መምህራን የሐኪም ታሪክ ምን ያደርግልናል እንዳትሉ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ዶክተር ኢግናዝ ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1818 በሃንጋሪ፣ በቡዳ ከተማ ተወለዱ። በ1846 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኑ። በአንደኛው ክፍል የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይማሩ ነበር። በአንደኛው ከመቶ እናቶች 10 ያህሉ በወሊድ ትኩሳት ሲሞቱ በሁለተኛው የሚሞቱት 4 ያህል ነበሩ። እናቶቹም ይህን ስለሚያውቁ አንደኛው ክፍል አታስገቡን እያሉ ይለምኑ ነበር።

በማርች 1847 ያኮብ ኮሌችካ የተባሉ ባልደረባቸው በአስከሬን ምርመራ ላይ ጣታቸውን በቢላ ተወግተው ሞቱ። ሕመማቸው ከእናቶቹ ሕመም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ዜመልቫይስ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ለካ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል መጥተው በዚያው እጃቸው እናቶችን ይመረምሩ ኖሯል!

በሜይ ወር በበሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ተጠንቀቁ ብቻ ብለው አልተዉትም። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሐኪምም ሆነ ተማሪ፣ ከመመርመሩ በፊት፣ መግቢያው ላይ በተቀመጠው ሳህን፣ ክሎሪን ባለው የኖራ ውሃ እጁን በሚገባ እንዲታጠብ አዘዙ። በአፕሪል ከመቶ 18 የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 ወረደ።

ይሁን እንጂ መመሪያው ቀዳዳ ነበረው። ሲገቡ ታጠቡ ይላል እንጂ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲያልፉ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። በኦክቶበር በመጀመሪያው አልጋ የማኅፀን ካንሰር ያለባት ሴት ተኝታ ነበር። እሷን መርምረው፣ በሳሙና ብቻ ታጥበው ወደ ሌሎቹ አለፉ። ከ12 እናቶች 11ዱ ሞቱ። ያን ጊዜ መመሪያው ታረመ፤ ከእያንዳንዷ ሕመምተኛ በኋላ በክሎሪኑ ውሃ መታጠብ ግዴታ ሆነ። በ1848 ሞቱ ከመቶ ወደ 1 ገደማ ዝቅ አለ።

የሚያሳዝነው ግን ዶክተሩ ትእዛዙን እንጂ ምክንያቱን ቶሎ ጽፈው አላስረዱም። ዋናው መጽሐፋቸው የወጣው በ1861 ነው፤ እሱም ረጅምና በክርክር የተሞላ ነበር። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና በማይታወቅበት በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች አልተቀበሏቸውም። በ1849 ሥራቸው ሳይታደስ ቀረ፤ በ1865 በ47 ዓመታቸው ቪየና ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ቤት አረፉ።

እኛም በማስተማር ልምምዳችን ለሳይንስ ሙከራ ሰሌዳው ላይ በጥንቃቄ ሥሩ ብለን ጽፈን ነበር። ልጆቹ አሲዱን ወይስ ውሃውን ያስቀድሙ ግራ ገብቷቸው ሲቆሙ ተቆጣናቸው። ጥፋቱ ግን የኛ ነበር፤ ውሃው ይቀድማል፣ አሲዱ ቀስ እያለ ይጨመርበታል፣ አለዚያ ፈልቶ ይረጫል ብለን መጻፍ ነበረብን። እንግዲህ ተማሪ ሲሳሳት ከመቆጣታችን በፊት እስቲ የጻፍነውን እንደገና እናንብበው!