ላሬ እና የቁስል ትሎች

ዶሚኒክ ዣን ላሬ በፈረንሳይ አገር፥ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፥ በ1766 ተወለደ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱበት በቱሉዝ የቀዶ ሕክምና ዐዋቂ የነበረው አጎቱ ወስዶ አሳደገው፤ ሙያውንም አስተማረው። ቁስለኛን ከጦር ሜዳ ፈጥኖ የሚያነሣውን ቀላል ሠረገላ ያሰበ እርሱ ነው። የሚያክመውም እንደ ቁስሉ ክብደት እንጂ እንደ ማዕርጉ አልነበረም።

በ1799 ከናፖሌዎን ሠራዊት ጋር ሶርያ በዘመተ ጊዜ፥ ፋሻ ሲፈታ ቁስሉ ትል ሞልቶት ይገኝ ጀመር። ወታደሮቹ በሕይወት ሳሉ የሚበሉ መስሏቸው ተሸበሩ፤ ማንስ ቢሆን አይሸበርም? ላሬ ግን አስተውሎ ተመለከተና ትሎቹ በዚያ አገር ከሚበዛው ከሰማያዊው ዝንብ እንቁላል የተፈለፈሉ መሆናቸውን ለየ። የሚበሉት የበሰበሰውን ብቻ ነበር፤ ደኅናውን ሥጋ አይነኩም፤ ቁስሉም ቶሎ ይጠራል። ቁስለኞቹ ይህን ያመኑት ሲነገራቸው ሳይሆን ሲድኑ ነው።

ሆኖም ትል ሁሉ አንድ አይደለም። ላሬ በ1842 ካረፈ በኋላ፥ በ1858 ኮክሬል የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሐኪም ጉያና ውስጥ ከሰው አፍንጫ የወጣ ትል መርምሮ፥ ሕያው ሥጋ የሚበላውን ዝንብ ሰው በላ ብሎ ሰየመው። ሁለቱን ለመለየት ዛሬ የትሉ የኋላ ጫፍ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ በዚያ ናቸውና ቅርጻቸው ዘሩን ይናገራል።