ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስና የተነገረላቸው ትንቢት

የሰው ልጅ ነገን አስቀድሞ ለማወቅ ያለው ጉጉት ከጥንት ጀምሮ የኖረ ነው። በየአገሩ ኮከብ ቆጣሪ፥ ሞራ ገላጭና ጠንቋይ አልጠፋም። እኛም በምንኖርበት በሁርሶና በድሬዳዋ የቡና ስኒ ገልብጦ ዕድል የሚያነብ ሰው ማግኘት አያስቸግርም፤ የፈተና ወራት በቀረበ ጊዜም ከደብተሩ ይልቅ ወደዚያ የሚያዘነብል ተማሪ አይታጣም። ስለዚህ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ትንቢት እጅግ የከበደባቸውን ሰው፥ የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ፍካሬ ኢየሱስ የሚባል በግእዝ የተጻፈ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ ክፉ ዘመን እንደሚመጣና ሕዝቡ ስለ ኃጢአቱ እንደሚቀጣ ከተናገረ በኋላ፥ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ 40 ዓመት በሰላምና በጥጋብ እንደሚገዛ ይተርካል። በዘመነ መሳፍንት መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፥ በጎንደር የተቀመጠው ንጉሥ በስም ብቻ ሲኖር፥ ገበሬውም እህሉን ላለፈ ላገደመው ወታደር ሲያስረክብ፥ ያ ተስፋ የድኻው መጽናኛ ሆኖ ነበር።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱ ብዙ ችግር አዩ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለም ጠላቶቻቸው ይሰድቧቸው ነበር። በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ትምህርት ቀሰሙ፤ ኋላም በቋራ በረሓ ሸፍተው ተከታይ አፈሩ። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው በመድፍና ሥርዓት ባለው ሰልፍ ድል ሆኑ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሽንፈታቸውን ምክንያት ከመድፉና ከሰልፉ ዘንድ አገኙት እንጂ በዕድላቸው አላመካኙም፤ ወታደሮቻቸውን በሥርዓት ማሠልጠን ጀመሩ፤ የመድፍም ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ከልባቸው አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን፥ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸነፉ። ወዲያውም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ፤ ስመ መንግሥታቸውም ቴዎድሮስ ተባለ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቼ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። ስሙ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው እንጂ ከድሉ በፊት አይደለም። ደግሞም መጽሐፉ ንጉሡ ከምሥራቅ ይነሣል ሲል፥ ቋራ ያለችው ግን በምዕራብ፥ በሱዳን ወሰን አጠገብ ነው። ትንቢትን የሚሰማ ሰው የሚስማማውን ይይዛል፤ የማይስማማውን ይተዋል። በጥንት ዘመን የልድያው ንጉሥ ክሮይሶስ የዴልፊን ጠንቋይ ቢያስጠይቅ፥ ከፋርስ ጋር ከተዋጋ ታላቅ መንግሥት እንደሚፈርስ ተነገረው። የፋርስ መንግሥት መስሎት ዘመተ፤ የፈረሰው ግን የገዛ መንግሥቱ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ደከሙ። ወታደሩ ባላገሩን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊቈርጡለት ሞከሩ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን 2 ቄስና 3 ዲያቆን ይበቃል፥ የተረፈው መሬት ለገበሬ ይሰጥ ብለው ስለ ተነሡ ግን ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ዐመፅ በየአውራጃው በረታ፤ የንጉሡም ቍጣ አብሮ በረታ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልቀሩም። ሰላምና ጥጋብ ያመጣል ተብሎ የተጠበቀው ስም ለብዙ ሰው የእሳትና የእስራት ስም ሆነ። ለመታገሥ የሚያስቸግር መከራ ነበረና ይህን መሸፋፈን አይገባም። እግዚአብሔር ለይቶ መርጦኛል የሚል ሰው የሌላውን ምክር ለመስማት የሚቸገር ይመስለኛል።

በመጨረሻም አውሮጳውያንን በማሰራቸው የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒዬር የሚመራ ጦር ላከባቸው። ንጉሡ በጋፋት ያሠሩትንና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የሚባለውን መድፍ፥ መንገድ እያስጠረጉና እርሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ፥ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ስድስት ወር ያህል ፈጅተው አደረሱት። በስቅለት ዕለት በእሮጌ ሜዳ ጦራቸው ተሸነፈ፤ ወደ 700 የሚሆን የኢትዮጵያ ወታደር ወደቀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። መጽሐፉ 40 ዓመት ቢልም የነገሡት 13 ዓመት ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የካሣን ሕይወት ስንመረምር ትንቢቱ የሰጣቸው ስሙን ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ደባርቂ ላይ የተማሩት፥ አይሻል ላይ የተዋጉት፥ የመቅደላን መንገድ የጠረጉት ግን በላብ ነው፤ ጎንደርን ያቃጠሉትም በራሳቸው ፈቃድ ነው። ምስጋናውም ወቀሳውም የሰውየው እንጂ የትንቢቱ አይደለም። ለእኛም ቢሆን ስኒው መልካም ቢያወራ ያላጠናነውን አይመልስልንም፤ ክፉ ቢያወራም ያጠናነውን አይወስድብንም። ወላጆቻችንም ለልጃቸው ዕድል ለማስነበብ የሚያወጡት ገንዘብ ካለ፥ መጽሐፍ ቢገዙበት ይሻላል እላለሁ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ እዚያ ያወጣው የኮከብ ቈጠራ ሳይሆን የሰው ክንድ ነው።