የአንድ ጣት ታሪክ፦ ዓለም የጨፈረበት፣ ስሙን ግን ያልጠየቀው ቤዝ ተጫዋች

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። የምትወዱትን ዘፈን በስልካችሁ ድምፅ ማጉያ ክፈቱት። ቀጥሎ ያንኑ ዘፈን በኢርፎን ስሙት። አሁን ከሥር ከሥር የሚሄድ፣ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ወፍራም ድምፅ ታገኛላችሁ። ቤዝ ጊታር ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። የስልክ ማጉያ ትንሽ ስለሆነች ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አትችልም። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚሄድ መኪና ውስጥ የኋላ ወንበር የደረሰው ሰው ግን በደንብ ያውቀዋል፤ ወንበሩን የሚነቀንቀው እሱ ነው። ሰርግ ላይ ሞንታርቦ አጠገብ የቆመም ያውቀዋል፤ ደረቱን የሚመታው እሱ ነው።

ሁላችንም ቤዙን ጨምረው እንላለን። ማን እንደተጫወተው ግን አንጠይቅም።

ዛሬ የምናወራችሁ በዚህ ምክንያት ስሙ ተደብቆ ስለኖረ ሰው ነው። ጄምስ ጀመርሰን ይባላል። በአሜሪካ የዘፈን ደረጃ አንደኛ በወጡ ከ20 በላይ ዘፈኖች ላይ ቤዝ ተጫውቷል። ከሞተ 40 ዓመት አልፎታል። በሕይወት እያለ ግን ያን ሁሉ ዘፈን የሚያንጎራጉረው ሕዝብ ስሙን አያውቀውም ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጀመርሰን የተወለደው በ1936 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ አቅራቢያ ባለችው ኤዲስቶ ደሴት ነው። ጥቁሮች በሕግ ተለይተው የሚኖሩበት ዘመን ነበር። በልጅነቱ እንጨት ላይ ላስቲክ ወጥሮ፣ እንጨቱን የጉንዳን ጉድጓድ ላይ ተክሎ፣ ጉንዳኖቹን አስጨፍራለሁ ብሎ ላስቲኩን ይመታ ነበር ተብሎ ይተረካል። በቆርቆሮና በሲባጎ ክራር ሠርቶ ያደገ የገጠር ልጅ ይሄ ታሪክ አይገርመውም። በዚያው በልጅነቱ ከብስክሌት ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ለረጅም ጊዜ መራመድ አቃተው። ከዳነም በኋላ ትንሽ ማንከሱ አልለቀቀውም።

እናቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ መኪና ፋብሪካዎቹ ከተማ ወደ ዲትሮይት ሄደች። እሱም በ1954 ተከተላት። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ነው ከሰው ቁመት የሚበልጠውን፣ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን የእንጨት ቤዝ ያነሳው። ቀን ይማራል፣ ማታ በጃዝና በብሉዝ ቤቶች ይሠራል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ዲትሮይት ውስጥ ቤዝ ሲፈለግ የሚጠራ ልጅ ሆነ።

በ1959 ቤሪ ጎርዲ የሚባል የቀድሞ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ የሙዚቃ ኩባንያ ከፈተ። ኩባንያው በኋላ ሞታውን ተብሎ ዓለም ያወቀው ነው። ስቱዲዮው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ተራ የመኖሪያ ቤት። ቀረጻው የሚካሄድባት ጠባብ ክፍል በየቦታው ኬብል ስለሚንጠለጠልባት ሙዚቀኞቹ የእባብ ጉድጓድ ይሏት ነበር። ከዚያች ክፍል ነው የስቲቪ ወንደር፣ የማርቪን ጌይ፣ የዳያና ሮስና የሱፕሪምስ፣ የቴምፕቴሽንስ ዘፈኖች የወጡት።

ዘፋኙ ይቀያየራል፤ ከኋላ ያሉት ሙዚቀኞች ግን በአብዛኛው እነዚያው ናቸው። ራሳቸውን ፈንክ ብራዘርስ ብለው የሰየሙ የዲትሮይት ተጫዋቾች ነበሩ። ቤዙ ላይ ጀመርሰን ነበር።

እሱ ምን ለየው? ከእሱ በፊት በፖፕ ዘፈን ውስጥ የቤዝ ሥራ እንደ ዘበኛ ነበር። አንድ ሁለት ድምፅ ይዞ እዚያው ይመላለሳል፤ ከቦታው አይነቃነቅም። ጀመርሰን ግን ቤዙን አዘፈነው። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ እሱ በክፍተቱ ይገባል፤ ከበሮው ባልጠበቀበት ቦታ ይመታል፤ ከዜማው ጋር ይነጋገርና ሳይታሰብ ተመልሶ ቦታው ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የኮርድ ምልክት ብቻ ያለበት ወረቀት ነው። ሌላውን ከራሱ ያመጣዋል። ማይ ገርል የሚባለውን የቴምፕቴሽንስ ዘፈን ሰምታችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻውን የሚሰማው ድምፅ የእሱ ነው። ጊታሩ የሚመጣው ከእሱ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ በአንድ ጣት ነው! ሌሎች በሁለት ወይም በሦስት ጣት ሲመቱ እሱ በቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ይመታል። ጓደኞቹ ያችን ጣት መንጠቆዋ ብለው ጠሯት። ጊታሩ የ1962 ሥሪት ፌንደር ፕሪሲዥን ነበር። ክሮቹ ወፍራሞች ናቸው፤ ከእንጨቱ በጣም ከፍ ብለው ስለተወጠሩ ለሌላ ሰው አይመቹም። ካልተበጠሱ በቀር አይቀይራቸውም። ድምፁን የሚያጣፍጠው የተጠራቀመው እድፍ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ገንዘብ አላገኘም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ክፍያው ትንሽ ነበር፤ በ1968 ግን ኩባንያው በሳምንት 1,000 ዶላር ይከፍለው ነበር። ለዚያ ዘመን ትልቅ ብር ነው። የቀረው ነገር ስሙ ነው። ሞታውን በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ የሙዚቀኞቹን ስም አይጽፍም ነበር። ዘፋኙ ይታወቃል፣ ግጥምና ዜማ የሠራው ይታወቃል፣ ኩባንያው ይታወቃል። ከሥር ያለው ሰው ግን የለም።

ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞታውን ሸክላ ሽፋን ላይ የወጣው በ1971 ነው፤ በማርቪን ጌይ ዋትስ ጎይንግ ኦን አልበም። በዚህ ዘፈን ቀረጻ ላይ አንድ የታወቀ ወሬ አለ። ጌይ ከጀመርሰን ሌላ ሰው አልፈልግም ብሎ በየመጠጥ ቤቱ ሲፈልገው አምሽቶ አገኘው፤ ጀመርሰን ግን ወንበር ላይ መቀመጥ እስኪያቅተው ሰክሮ ስለነበር ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተጫወተው ይባላል። ወሬው ለጨዋታ ይነገራል። ግን ውስጡ የሚያሳዝን ነገር አለ። መጠጡ ያኔ ሥር ሰዶ ነበር።

በ1972 ሞታውን ዲትሮይትን ለቆ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ሙዚቀኞቹ ይህን ያወቁት ለሥራ ሲመጡ በሩ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው ተብሎ ይተረካል። ጀመርሰን ኩባንያውን ተከትሎ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ከሞታውን ጋር የነበረው ውል አበቃ። በ1970ዎቹ አጋማሽም ቢሆን አንደኛ በወጡ ዘፈኖች ላይ መጫወቱ አልቀረም። ነገር ግን ፋሽኑ ተቀየረ። ፕሮዲውሰሮቹ አዲስ ክር፣ የሚያብለጨልጭ ድምፅ፣ በአውራ ጣት የሚመታ ስልት ፈለጉ። እሱ ክሩንም አመሉንም አልቀየረም። ስልኩ መጮህ ተወ። መጠጡ ባሰ።

የእኛ ታሪክ ከሙዚቃ ጋዜጠኛ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ጋዜጠኛ ሁልጊዜ ዘፋኙ ጋ ነው የሚሮጠው። ቤዝ ተጫዋችን ለመጠየቅ ሌላ ዓይነት ጆሮ ያስፈልጋል፤ ከድምፆች መሃል አንዱን ነጥሎ ሰምቶ ይሄን የሠራው ማነው ብሎ መነሳት ይጠይቃል። ጊታር ፕሌየር የሚባለው መጽሔት ጀመርሰንን በ1979 አነጋገረው። ያኔ እሱ በሞታውን ስቱዲዮ መሥራት ከጀመረ 20 ዓመት ሆኖት ነበር። ቀጥሎ ኔልሰን ጆርጅ የተባለ ወጣት ጸሐፊ ስለ ሞታውን ሙዚቀኞች ለመጻፍ ተነስቶ አናገረው። ጀመርሰንም ሲጠየቅ ብዙ የሚናገረው ነበረው። ሐሳብ የሚያገኘው ከሰው አነጋገር ቅላፄ እንደሆነ፣ የሰውን አረማመድ እያየ ምት እንደሚይዝ፣ የአፍሪካን፣ የኩባንና የህንድን ስኬሎች አጥንቶ ወደ ስቱዲዮ ይዟቸው እንደገባ ነገረው። ተመልከቱ፤ ጠያቂ ባይመጣ ይህ ሁሉ አብሮት ይቀበር ነበር። የጆርጅ ጽሑፍ የታተመው በጥቅምት 1983 ነው። ጀመርሰን ግን አላነበበውም።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሞታውን 25ኛ ዓመቱን ለማክበር በፓሳዴና ከተማ ትልቅ ዝግጅት አደረገ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ማይክል ጃክሰን ሙንዎክ የሚባለውን እርምጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ያሳየበት መድረክ ነው። ዘፋኞቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። የእነዚያን ዘፈኖች ቤዝ የተጫወተው ሰውም አዳራሹ ውስጥ ነበር። ትኬት ገዝቶ፣ ሰገነት ላይ ካለው ሕዝብ ጋር ተቀምጦ። ማንም ወደ መድረክ አልጠራውም።

ከወራት በኋላ ያ የ1962 ጊታሩ ተሰረቀ። ብዙም ሳይቆይ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1983፣ በእኛ ሐምሌ 26 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ጉበቱን የጎዳው መጠጥ ባመጣው ጣጣ በሎስ አንጀለስ አረፈ። 47 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዲትሮይት ነው።

ታሪኩ እዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን አለን ስላትስኪ የተባለ የፊላደልፊያ ጊታሪስት ተነሳ። መጀመሪያ ያሰበው የጀመርሰንን ሙዚቃ በኖታ ጽፎ ለተማሪዎች ማቅረብ ብቻ ነበር። ባለቤቱን አኒን ሲያገኛት ግን ጉዳዩ ከኖታ በላይ እንደሆነ ገባው። የቀሩትን ሙዚቀኞች እየፈለገ፣ እየጠየቀ፣ ሕይወቱን ጻፈ። ከዚያም በዓለም የታወቁ ቤዝ ተጫዋቾችን ጠርቶ የጀመርሰንን ሥራዎች አስጫወታቸው፤ ስለ እሱም አናገራቸው። ስለ እሱ ከተናገሩት መካከል የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ አለበት። መጽሐፉ በ1989 ወጣ፤ በ2002 ደግሞ በፈንክ ብራዘርስ ላይ ፊልም ተሠራ። በ2000 ጀመርሰን በሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ከዘፋኝ ጀርባ ለሠሩ ሙዚቀኞች በተከፈተው መደብ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ገባ። ክብሩ መጣ። በ17 ዓመት ዘግይቶ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጀመርሰን በዲትሮይት በሚጫወትበት ዘመን አዲስ አበባም የራሷ ወርቃማ የሙዚቃ ጊዜ ላይ ነበረች። አምኃ እሸቴ የሸክላ ኩባንያውን የጀመረው በ1969 ነው። የዋሊያስ ባንድ ሙዚቃዊ ስልት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሰማል። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች መላከ ገብሬ እንደነበር ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ስም ተሰብስቦ ለዓለም የቀረበው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራው ባለታሪኮቹን እየፈለገ ስላናገራቸው ነው። እነሱንም ቢሆን ጠያቂ አግኝቷቸው ነው ስማቸው የተረፈው።

ዛሬም ያው ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚወጣ የጎጃም ዘፈን ሥር ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ ይጻፋል። ቤዝ ጊታሩ፣ ቤዝ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ የማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሽንዲ፣ ሰርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ልጅ ሲነጋ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ሙሽሮቹ እንኳ ስሙን አይዙትም።

ኔልሰን ጆርጅ የያዘው መጠየቅ የሚያውቅ አፍና የሚሰማ ጆሮ ነበር። ሁለቱም አላችሁ። መቅረጫው ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሰርግ ወይም የባህል ምሽት ከዘፋኙ ጋር ሰልፊ ከተነሳችሁ በኋላ ከኋላ ወደቆመው ልጅ ጠጋ በሉ። ማን አስተማረህ? ለምን ይሄን ክር መረጥክ? ያችን ቦታ ስትመታ ምን እያሰብክ ነበር? ከሁሉም በፊት ግን ስምህ ማን ነው በሉት። ከነአባቱ ስም ጻፉት።