ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ፦ የነቀምቴው ገዥና የወለጋ ወርቅ

ከወለጋ ዞኖች ወርቅ በባህላዊ መንገድ ለማምረት ፈቃድ የሚጠይቁ ዜጎች በተደጋጋሚ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች አሉ። የወርቁ ባለቤት ማን ነው? የሚመዘነውስ ለማን ነው? ከሚገኘው ገቢ ለአምራቹ የሚተርፈው ምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በአካባቢው ከመቶ ዓመት በላይ ሲነሡ የቆዩ ናቸው። የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳን የሕይወት ታሪክ በዚህ ገጽ የምናቀርበውም፣ አገልግሎት ፈላጊው ኅብረተሰብ የዛሬው አሠራር ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ እንዲገነዘብ ለማገዝ ነው።

ደጃዝማች ኩምሳ የተወለዱት በሌቃ ነቀምቴ ገዥ ቤተሰብ ውስጥ ነው። አያታቸው በከሬ ጎዳና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነቀምቴን አካባቢ በአንድ ሥልጣን ሥር ያሰባሰቡ የጦር መሪ ነበሩ። አባታቸው ሞሮዳ በከሬ የተረከቡትን ግዛት አስፍተው አጠናከሩ። ነቀምቴ በሰሜን ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፣ በደቡብ ወደ ጅማ፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ቤኒ ሻንጉል የሚወስዱት የሲራራ ንግድ መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በገበያዋ ያልፉ ነበር። ከተማዋን የያዘ መሪ ንግዱንም ለመቆጣጠር አመቺ ቦታ ነበረው።

ይህ ሀብት የሸዋንም ሆነ የጎጃምን ነገሥታት ይስብ ነበር። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጉዱሩ፣ እምባቦ ላይ ተዋግተው ድሉ የሸዋ ሆነ። ሞሮዳ ከምኒልክ የጦር አዛዥ ከራስ ጎበና ዳጬ ጋር ተስማምተው በሰላም ገቡ። በዚህም አገራቸውን ከጦርነት ጥፋት አተረፉ፤ የገዥነት ሥልጣናቸውም በእጃቸው ቀረ።

ሞሮዳ በ1881 ዓ.ም. ገደማ ሲያርፉ ሥልጣኑ ወደ ኩምሳ ተላለፈ። ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ምኒልክ የክርስትና አባት ሆኗቸው፤ ስማቸውም ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። ወጣቱ ገዥ የወረሱት ከሥልጣን በተጨማሪ ከባድ ኃላፊነትንም ነበር። ሌቃ ነቀምቴ የቁርጥ ግብር አገር ሆና ነበርና ገዥዋ በየዓመቱ የተወሰነ ግብር በወርቅና በዝሆን ጥርስ ለቤተ መንግሥት ያስገባሉ፤ በምላሹም የውስጥ አስተዳደሩንና ዳኝነቱን ራሳቸው ይመራሉ። ግብሩ ከጎደለ ግን ይህ ነጻነት ለአደጋ ይጋለጣል።

ለዚህም ማሳያው ጎረቤታቸው ቄለም ናት። የቄለሙ ገዥ ደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ተመሳሳይ ስምምነት የነበራቸው ቢሆንም፣ በኋላ ሥልጣናቸውን አጥተው ግዛታቸው ከማዕከል በሚሾሙ ገዥዎች እጅ ገባች። ደጃዝማች ኩምሳ ግን ከሠላሳ ዓመታት በላይ በሥልጣን ላይ ቆይተዋል።

ለዚህ ጽናት አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከቤተ መንግሥት ጋር የነበራቸው የጽሑፍ ግንኙነት ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለ ግብር፣ ስለ ወርቅና ስለ አስተዳደር የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች በብዛት ተጠብቀው የቆዩ ሲሆን፣ የታሪክ ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ተአ የወለጋን የታሪክ ሰነዶች አሰባስበው በአዲስ አበባ አሳትመዋል። በዘመኑ የወርቁ መለኪያ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ወቄት ነበር፤ ርክክቡም በሚዛን የሚፈጸም በመሆኑ በላኪውና በተቀባዩ መካከል መተማመንን ይጠይቅ ነበር።

ይሁንና የዚህ ሥርዓት ሸክም ያረፈው በወንዝ ዳር በሚሠራው ሰው ላይ ነው። አሸዋውን በእንጨት ገበቴ አጥቦ ጥቂት የወርቅ ቅንጣት የሚለየው ገበሬ ግብሩን ከማስገባት ግዴታ በቀር በወርቁ ላይ የተጻፈ መብት አልነበረውም። ግብሩ ቁርጥ ነውና ወንዙ ብዙ ቢሰጥም ጥቂት የሚፈለገው መጠን አይቀየርም ነበር።

ወርቅ የዘመኑን ፖለቲካም አንቀሳቅሷል። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ሲዘምቱ የወለጋ ገዥዎችም በዘመቻው ተሳትፈዋል፤ የዘመቻው አንዱ ዓላማ በወርቅ የታወቀውን ያን አገር በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ማድረግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የውጭ ባለሀብቶች ፊታቸውን ወደ ነጆ አዞሩ። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በወለጋ ወርቅ የማውጣት ፈቃድ ካገኙት አንዱ ነው። ፈቃዱ ይሰጥ የነበረው ከአዲስ አበባ፣ ሥራው የሚከናወነው ግን በወለጋ ነበር፤ የመሬቱ ነዋሪም በውሉ ላይ ድምፅ አልነበረውም።

ሌላው የዘመኑ ፈተና መጓጓዣ ነበር። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጉዞው በበቅሎ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ በመፈቀዱ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን መውጣት ጀመረ። መርከቦቹ የሚመላለሱት ግን ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወራት ብቻ በመሆኑ፣ ወቅቱ ያለፈበት ሸቀጥ ቀጣዩን ክረምት ለመጠበቅ ይገደድ ነበር። ምርት ቢኖርም መውጫው ከጠበበ ገቢው እንደሚዘገይ ዛሬም በነዳጅና በማዕድን ዘርፍ የሚታይ ነው።

ደጃዝማች ኩምሳ ለትምህርትም በራቸውን ክፍት አድርገዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጐሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ነቀምቴ መጥተው ሲያስተምሩ ተቀብለው አስተናግደዋቸዋል። ደጃዝማቹ በ1915 ዓ.ም. ገደማ ሲያርፉ ልጃቸው ሀብተ ማርያም ተተኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በምዕራብ ወለጋ፣ ዩብዶ፣ በቢርቢር ወንዝ አካባቢ ፕላቲኒየም መመረት ጀመረ። በስማቸው የሚጠራው ቤተ መንግሥት በነቀምቴ ከተማ ይገኛል።

ዛሬ የሕጉ መሠረት ተለውጧል። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ደግሞ የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ክልሉ ነው። በመሆኑም በምሥራቅ ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የሚገኙ ባህላዊ አምራቾች ጥያቄያቸውን በቅድሚያ በአካባቢያቸው ለሚገኘው የክልሉ የማዕድን ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይኖርባቸዋል።

አምራቾች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ፈቃድ እንዲይዙ፣ ወርቃቸውን በሕጋዊ የግብይት ሰንሰለት ብቻ እንዲያቀርቡ፣ ክብደቱና ዋጋው የተጻፈበትን ደረሰኝ ተቀብለው እንዲያስቀምጡ እንመክራለን። በደጃዝማች ኩምሳ ዘመን ሰነድ ገዥውንና ቤተ መንግሥቱን ሲያገናኝ ገበቴውን የያዘው ሰው ስም አልተጻፈበትም። ዛሬ የሚሰጠው ፈቃድ ግን በአምራቹ በራሱ ስም የሚወጣ በመሆኑ፣ ክርክር ሲነሣ መብቱን የሚያስረዳበት ማስረጃ በእጁ ይሆናል።